ሙሴ እናቴን በአንድ ዓይን ሣላት

ሙሴ ወደኛ አገር የመጣው ከታኅሣሡ ግርግር ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ገብስ በሚታጨድበት ወራት ነው። እኔ ነቢዩ ሙሴ ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት። ማንም አላሳሳተኝም። ትልቁ ሰው ሁሉ «ሙሴ ደብረ ሲና አድሯል፤ ሙሴ ከደብረ ሲና ተነሥቷል፤ ነገ ወደኛ ይወርዳል» ሲል ነው የሰነበተው። ፈረንሳዮች ወንዱን ሁሉ «ሙሴ» ብለው እንደሚጠሩ፣ የኛም ሰው ፈረንጅ ባየ ቁጥር ይህንኑ እንደሚል የሰባት ዓመት ልጅ ከየት ታውቀዋለች?

ደግሞስ አመጣጡ! ከላይ ከተራራው፣ ከጉሙ ውስጥ ነው ብቅ ያለው። ጺሙ ነጭ ነው። ዘንግ ይዟል። በበቅሎዋ ግራና ቀኝ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ሰሌዳዎች ተጭነዋል። የአባቴ አጎት አለቃ ገብረ ጻድቅ የኪዳነ ምሕረት ሠዓሊ ነበሩ፤ ሙሴ ሁለቱን ጽላት ይዞ ከሲና ተራራ ሲወርድ በግድግዳው ላይ ሥለውት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ታዲያ ምን ቀረ?

መሬት ላይ ተደፋሁ። ጽላት በዓይን አይታይምና ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ «ታቦት መጣ! ታቦት መጣ!» ብዬ ጮኽኩ።

በቅሎዋን የሚስበው የአልዩ አምባው ነጋዴ ያሕያ ነበር። ወጣት ሳለ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሠርቶ ፈረንሳይኛ ለምዷል። ለሙሴ አስተርጓሚውም መንገድ መሪውም እሱ ነው። ሳቁ አላስቆም አለው።

«ወላሂ፣ እሜቴ አስካለ፣ ልጅሽ ለፈረንጁ ሰገደችለት!»

እናቴ ከአጥሩ ውስጥ ብቅ አለች። «ተነሺ አንቺ፤ ታቦት በበቅሎ አይሄድም» አለችኝና በቀኝ ጎኗ አስጠጋችኝ።

ታቦት አለመሆኑን እንጂ ሙሴ አለመሆኑን ግን የነገረኝ የለም።

እናቴ አስካለማርያም ትባላለች፤ ነፍሷን ይማርና። እኔን ሁልጊዜ በቀኟ ነበር የምታስቀምጠኝ። ስንሄድም በቀኟ፣ ስንበላም በቀኟ። በግራዋ ከመጣሁባት ትደነግጥና «ከዚህ በኩል ነይ ብዬሽ አልነበረም?» ብላ ትቆጣለች። እኔ ደግሞ በምጽአት ቀን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ይቆማሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከበጎቹ ወገን እንድሆን ይሆናል እል ነበር።

ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ያለው ወሬ የኔ መሄድ ነው። የእናቴ እህት አልታየች ደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ ጥምቀት ሲያልፍ መጥታ ትወስደኛለች፣ ትምህርት ቤት ታስገባኛለች ተብሏል። ይህን ያሰበችውም፣ አልታየችን የለመነችውም እናቴ ናት። አባቴ ቄስ ወልደተንሣኤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የደከማቸው ሰው ናቸው፤ ቅዳሴውም፣ እርሻውም፣ ለቅሶውም በሳቸው ላይ ነው። ቃላቸው አንድ ነበር።

«ቤቱ ሰው ካላጣ ትሂድ። አንቺ አንድ ነገር ከሆንሽ ግን ልጅቱ የትም አትሄድም። ማን ይደግፍሻል?»

«ምን እሆናለሁ አባ? እንደ ድንጋይ ነኝ» ትላለች እናቴ።

እኔ መሄዱን አልፈልግም ነበር። ለምን ልታባርረኝ እንደፈለገች ነው የማይገባኝ።

ሙሴ ሠዓሊ ነው ቢባል፣ ሰው ሁሉ እንደ አለቃ ገብረ ጻድቅ መላእክትና ጻድቃን የሚሥል መስሎት ነበር። በማግስቱ ጎረቤቱ ነጭ ነጩን ለብሶ፣ ጋሻ ያለው ጋሻውን ይዞ ተሰልፎ ቆመለት። ሙሴ እጁን አወናጨፈና ማጭዳቸውን አሳያቸው። ያሕያ ተረጎመ።

«ልብሳችሁን ቀይራችሁ ወደ ሥራችሁ ግቡ ይላል። ጎንበስ ያለ ሰው ነው የሚሥለው።»

«እንዴ! ወገባችንን ነው የሚሥለው?» አለ አንዱ።

«ንጉሡን አይሥልም እንዴ?» አለ ሌላው።

ያሕያ ጠየቀው። ሙሴ ፈገግ አለ። «ንጉሥ ሠዓሊ አያጣም ይላል» አለ ያሕያ።

እውነትም እንዲያ ነው የዋለው። አጫጁን፣ ነዶ ተሸካሚዋን፣ ኩበት የምትጠፈጥፈውን፣ ከአውድማው ዳር ተጋድሞ የሚያንኮራፋውን ሳይቀር ሣለ። ቀለሙ ተልባ ተልባ ይሸታል፤ በሬዎቹ ሳይቀሩ ዘወር ብለው ያሸቱት ነበር። ከኛ ቋንቋ መጀመሪያ የያዘው ቃል «ደከመኝ» ነው። ሰው ሁሉ ከማሳ ሲመለስ እየተቀመጠ እንዲያ ሲል ይሰማል፤ የሰላምታ ቃል መሰለው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ጠዋት በደጃችን ሲያልፍ ባርኔጣውን አንሥቶ «ደከመኝ!» ይላል። እናቴ ከት ብላ ትስቅና «እኛንም፣ ሙሴ፣ እኛንም» ትለዋለች። በዚያ ዓመት እናቴ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከደጃፉ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ስትፈትል አያትና ቆመ። ያቺን ሴት እሥላለሁ አለ። አባቴ «በቀን፣ በደጅ፣ ልጅቱም ባለችበት ከሆነ ይሁን» አሉ። እኔ ፀጉሩን እያፍታታሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሙሴ መጀመሪያ ትንሿን ወንበሩን በግራዋ በኩል ነበር ያኖረው። እናቴ ነጠላዋን ወደ ቅንድቧ ዝቅ አደረገች። ትንሽ ሣለና ተነሥቶ ወደሷ ቀረበ። ብሩሹን ወደ ፊቷ አስጠጋና አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። እናቴ ዝም ብላ ትፈትላለች። ሙሴ ቀስ ብሎ ለያሕያ አንድ ነገር ነገረው። ያሕያ ሳቁ ጠፋ።

«እሜቴ አስካለ… ይሄ ሰውዬ…»

«አየው?» አለች እናቴ። እንዝርቷ ቆመ።

«አየው።»

«እንግዲያስ እዚሁ ይቅር። በምትሰግድለት ይዤሃለሁ ያሕያ፤ ቄሱ እንዳይሰሙ።»

«አላህ ያውቃል፣ እኔ ምን አገባኝ? ግን እስከ መቼ?»

«እስከ ጥምቀት። ጥምቀት ይለፍልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ።»

ሙሴ ወንበሩን አንሥቶ በኔ በኩል፣ በቀኟ ተቀመጠ።

ነቢዩ ሙሴ እናቴ ላይ አንድ ነገር አይቷል። አባቴ የማይሰሙት ነገር ነው። ምን ይሆናል? ሳስብ ሳስብ አገኘሁት። እናቴ ጠዋት ጠዋት አባቴ ለኪዳን ሲሄዱ ከበሩ ብርሃን ትቀመጥና በወረንጦ የዓይኗን ሽፋሽፍት ትለቅም ነበር። እኔ ስመጣ ወረንጦውን በመቀነቷ ትሸጉጣለች። አለቃ ገብረ ጻድቅ ደግሞ ዓይኗን ለዓለም ብላ የምታሳምር ሴት ምን እንደሚጠብቃት ነግረውናል። የቄስ ሚስት ስትሆንማ!

እንግዲህ ልጅ ነበርኩ። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን እየፋቀ ያሳደረው ሕመም እንደሆነ፣ መንቀሉም ማስታገሻ እንጂ ማሳመሪያ እንዳልሆነ ያወቅኩት እኔም ልጆች ወልጄ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ስቀመጥ ነው። ከጎኔ የነበረችው ሴት ወረንጦ ከመቀነቷ ስታወጣ አየሁና እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። በኛ ጊዜ ዓይኑ የማይቀላ ማን ነበር? ጭሱ አለ፣ ዝንቡ አለ፣ የገብሱ ብናኝ አለ። አባቴ እናቴን «ዓይኗን ያማታል» ብለው ያውቃሉ። የግራው ማየት ማቆሙን ግን አያውቁም።

ሙሴ እየሣለ ያወራ ነበር፤ ያሕያም ይተረጉማል። ገበሬ ቤት ነው የተወለደው። እናቱ ሰው ካጨደ በኋላ ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ትለቅም ነበር አለ። ወጣት ሳለ ትልቅ ከተማ ገብቶ የባለጸጎችን ሚስቶች ከነሐራቸው ይሥል ነበር። ኋላ ሰለቸው። ከዚያ ወዲህ የገጠሩን ሰው ብቻ እየሣለ ከአገር አገር ይዞራል።

«እናቱንስ ሥሏት ነበር?» አለች እናቴ።

ያሕያ ጠየቀ። ሙሴ ብሩሹን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«አልሣላትም ይላል። ቁጭ ብላ አታውቅም ነበር። እሱም ቁጭ ብሎ አላያትም።»

እናቴ እንዝርቷን አሾረች። «በለው፣ ይህቺም ብትሆን ቁጭ ያለችው ለሱ ብላ አይደለም። እግሯ አልቆምላት ቢል ነው።»

ያሕያ ያን መተርጎሙን እንጃ። ሙሴ ግን «ደከመኝ» አለ ቀስ ብሎ። ያን ዕለት ሰላምታ አልነበረም።

ሥዕሉ አልቆ የታየው እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከዋርካው ሥር በተቀመጠበት። ሙሴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በድንጋይ ላይ አስደግፎ ጨርቁን ገለጠው። እናቴ ናት። እንዝርቷ፣ ጎንበስ ያለው አንገቷ፣ የተሰነጣጠቀው እጇ፣ ያ የደከመ ትከሻዋ፤ አንድም አልቀረ። ሰው «ኤዲያ! ልትናገር ነው'ኮ!» እያለ ተጋፋ። እኔም በሰው እግር መሃል ሾልኬ ገባሁና አየሁ።

ዓይኗ አንድ ነው።

በኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ሁሉ ፊት ለፊት ነው የሚሣሉት፤ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ማነው? ሰይጣን ነው። ጌታን የገረፉት ናቸው። ይሁዳ ነው። ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል። ሳቁና አድናቆቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ጎረቤታችን ባፈና ምላሷ አያርፍም።

«ወይ አስካለ! ከይሁዳ ጎን አስቀመጠሽ'ኮ!»

«ወጥ ሳትሰጪው ቀርተሽ ይሆናል» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

አባቴ መስቀላቸውን እንደያዙ መጡ። አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ያሕያ፣ ለሰውዬህ ንገረው። የቄስ ሚስት በከሃዲ አሣሣል አትሣልም። ሁለተኛውን ዓይኗን ይጨምር። እምቢ ካለ ይቃጠል።»

ያሕያ እየተርበተበተ ተረጎመ። ሙሴ ነገሩ ሲገባው እናቴን አያት። እሷ ብትፈቅድ አዙሮ ፊት ለፊት ሊሥላት ይችላል። ግን ያኔ በአደባባይ ነጠላዋን ገልጣ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግራ ፊቷን ለሰው ሁሉ መስጠቷ ነው። አባቴም አጠገቧ ቆመዋል። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያን ቀን የሰማሁት እናቴ ያለችውን ብቻ ነው።

«ተዉት አባ። እኔ እንዲህ ነኝ። አንዱ ይበቃኛል።»

አመነች! በሙሴ ፊት፣ በሕዝብ ፊት፣ በአባቴ ፊት አመነች። እያለቀስኩ ሮጥኩ።

የሮጥኩት ወደ አለቃ ገብረ ጻድቅ ነው። በሰንበት ብሩሽ አይነኩም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከኋላቸው በበሩ ውስጥ፣ የምሴተ ሐሙስ እራት ሥዕል ግድግዳው ላይ ይታያል፤ ይሁዳም በአንድ ዓይኑ።

«የኔታ፣ የእናቴን ዓይን ይሣሉላት።»

«የቱን ዓይን?»

«የግራውን። ሙሴ ከለከላት።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁ። «ሙሴ አይደለም ልጄ፤ ሠዓሊ ነው፤ እንደኔ። ፈረንጅ ያየውን ይሥላል፣ እኛ ያመንነውን እንሥላለን። በጎን ቢቀመጥ አንድ ዓይን አየ፣ አንድ ሣለ። ኃጢአት የለበትም።»

«መጀመሪያ በግራዋ ነበር የተቀመጠው። ኋላ በብሩሹ እንዲህ እንዲህ አደረገና ወንበሩን አንሥቶ ሄደ።»

«እንዴት አደረገ?»

በእጄ ፊታቸው ላይ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«እሷም እንደኔ ጨፈነች?»

«አልጨፈነችም።»

አለቃ ዳዊታቸውን አጠፉ። «ደብረ ብርሃን የምትሄጂው ጥምቀት ሲያልፍ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«አባትሽም ቤቱ ሰው ካላጣ ብሏል።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እግዚኦ፣ ምን ጉድ ናት እናትሽ» አሉና ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ። ምን ጉድ ናት ሲሉ ለኃጢአቷ መሰለኝ። ልቅሶዬን አጠነከርኩ።

ከዋርካው ሥር ስንደርስ ሰው ሁሉ ለአለቃ ተነሣ። ሥዕሉን አጎንብሰው ተመለከቱ። ከዚያ ለአባቴ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው እንዲህ አሉ።

«ወልደተንሣኤ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሠዓሊ ነኝ፤ የይሁዳን ዓይን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ይህ የይሁዳ ዓይን አይደለም። የይሁዳ ዓይን ሰውን ሰርቆ ያያል። ይህቺ የምታየው ሥራዋን ነው። ሌላው ዓይኗ ወዴት ሄደ ካላችሁ ወደ እግዚአብሔር ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ለኛ አይታይም።»

አባቴ አጎታቸውን ያከብራሉ። «ይቃጠል» ያሉትን ተዉት። ባፈና እንኳ «እውነት ነው፣ የኔታ» አለች። እናቴ ወደ መሬት ጎንበስ ብላ የአለቃን ጉልበት ሳመች። በምን ምክንያት እንደሳመች ከሳቸው፣ ከያሕያና ከሙሴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሳስበው አለቃ አንድም ቃል አልዋሹም።

ሙሴ በማግስቱ ወደ ጎረቤላ ወረደ። ሥዕሉን በነጩ ጨርቅ ጠቅልሎ በበቅሎዋ ጎን ጫነው። በደጃችን ሲያልፍ ባርኔጣውን አነሣ፤ «ደከመኝ» አለ። እናቴ «አይዞን፣ ሙሴ» አለችው። ዞሮ እንኳ ሳያይ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሥዕሉ ዛሬ በማን ቤት፣ በየትኛው ግድግዳ እንደተሰቀለ እንጃ። የእናቴ መልክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ፎቶግራፍ የለንም።

ጥምቀት አለፈ። አክስቴ አልታየች በቅሎ ተከራይታ መጣች። የምሄድበት ጠዋት ደረሰ። እናቴ ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታኝ ነበር፤ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ እየዳበሰች እንደሠራችው አላስተዋልኩም። ጉንጉኑ አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ቀጭን ነው፤ አክስቴ ስታየው ሳቀች። ቆሎ በጨርቅ ቋጠረችልኝ። ከአጥሩ ደጅ ድረስ በቀኟ ይዛኝ መጣች። ግንባሬን ሳመችና «ሂጂ፣ የኔ ዓለም፤ ወደ ኋላ አትዪ» አለችኝ።

እንዳለችኝ አላደረግኩም። ከአጥራችን በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የቀኙ ወደ አልዩ አምባ ይወርዳል፣ የግራው ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። እኛ በግራው ወጣን። ከቁልቋሉ ዘንድ ስንደርስ በበቅሎዋ ላይ ዞሬ እጄን አውለበለብኩ። ነፋስ ነበር፤ «እማዬ!» ብል አይሰማም። እናቴ ከአጥሩ ደጅ ቆማለች። እሷም እጇን ታውለበልባለች። ግን ለኔ አይደለም። ፊቷ ወደ ቀኝ ነው። በቆላው መንገድ የሚወርድ አንድ መንገደኛ በቅሎ እየሳበ ይታየኛል፤ እናቴ ለሱ ነው ነጠላዋን የምታነሣው። እኔን አንዴም ሳታየኝ መንገዱ ታጠፈ።

አውቃ ነው አልኩ። አባራኝም፣ ስሄድ እንኳ ለሰው ሰላምታ ትሰጣለች አልኩ። ያንን ይዤ አደግኩ። አባቴ በዓመቱ መጥተው እናትሽ ሁለቱም ዓይኗ ጠፍቷል ሲሉኝ እንኳ፣ ያን ጠዋትና ይህን ነገር አንድ ላይ አላደረግኳቸውም። ግራው ቀድሞ የጠፋ ቢሆንም፣ ቀኙም ያኔ ከሩቅ ሰውን ከሰው እንደማይለይ አልጠረጠርኩም። እሷም አልነገረችኝም። «ልጄ ተማረች» ከማለት በቀር ስለዚያ ነገር ሳታወራ አረፈች።

የነገረኝ ያሕያ ነው። ሸምግሎ፣ በከዘራ እየሄደ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ አገኘሁት። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አፉን በእጁ ያዘ። ከገበያው ዳር ተቀመጥን፤ ስለ ሙሴ አወራን፤ ለታቦቱ መስገዴን አስታውሶ ሳቀብኝ።

«የሄድሽ ቀን እኔ ገብስ ጭኜ ወደ ቆላ እየወረድኩ ነበር» አለኝ። «ዞር ስል እናትሽ ከደጅ ቆማ ታውለበልብልኛለች። እንዴ፣ አስካለ ምን ነካት፣ ትናንት አይደል የተገናኘነው አልኩ። ቀና ስል አንቺ በላይኛው መንገድ ነሽ። ያኔ ገባኝ፤ የኔን በቅሎ ያንቺ በቅሎ አድርጋዋለች።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«ምን አደርጋለሁ የኔ ልጅ? ጥምጣሜን ፈታሁና አውለበለብኩላት። እሷ እጇን እስክታወርድ አላወረድኩም።»